ሽታውን ስናጠፋ ጫጩቶቹን እንዳናጠፋ

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

እንደምታውቁት የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ዛሬ የምናገረው ግን ራሴ ስላበላሸሁት ሂሳብ ነው። አምና ከማህበራችን ተበድሬ 30 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። በአንዲት ጠባብ ክፍል በከሰል እያሞቅሁ አሳድጋቸው ጀመር። ለጊፋታ እንግዳ ሲመጣብኝ የኩሳቸው ሽታ አሳፈረኝ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ እጣን አጨስኩ፣ በጣሳ የሚሸጠውን የቤት ሽቶ አብዝቼ ረጨሁ። ከሰሉም እንደነደደ አደረ። በማግስቱ 11 ጫጩቶች ሞተው አገኘሁ።

ለብድር ኮሚቴው «በበሽታ አለቁብኝ» ብዬ የመክፈያ ጊዜ አስራዘምኩ። በኋላ አንዲት እህታችን «ለዚያ በሽታ የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?» ብላ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ። የእኔ ውሸት የእሷን ገንዘብ ሊያስወጣ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ አስተካክላለሁ፦ ምንም በሽታ አላየሁም፤ አየሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጠየቅኋቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከሰሉ ይሁን ሽቶው መለየት አልቻሉም። የተዘጋው ክፍል ግን ሁለቱንም አከማችቷል።

የወፍ ዘር ሳንባ አየርን ከእኛ ይበልጥ አሟጦ ይወስዳል፤ መርዙንም እንደዚያው። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ወፏ ስትዝለፈለፍ እነሱ ሮጠው ይወጣሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሽቶ ደግሞ አየሩን አያጸዳም፤ ሌላ ነገር ይጨምርበታል እንጂ።

ድመትም ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ጉበቷ አንዳንድ የሽቶ ዘይቶችንና ፐርሜትሪን የተባለውን የተባይ መድኃኒት በቀላሉ አያስወግድም። ጸጉሯ ላይ ያረፈውንም ስትልስ ትውጠዋለች። ዘመድ ከውጭ የሚልክልን በኤሌክትሪክ የሚሰራ የአየር ማጽጃም ኦዞን የሚያመነጭ ከሆነ ሳንባ ይጎዳል፤ በማጣሪያ ብቻ የሚሰራው ይሻላል።

በአካባቢያችን ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ስር የሚያድሩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ፦

ኩሱንና እበቱን በየጠዋቱ እንጥረግ፤ ጉዝጓዙን እንቀይር። ሽታው የሚጠፋው ምንጩ ሲጠፋ ነው።

ነፋስ በቀጥታ ሳይመታቸው መስኮት ክፍት ይሁን። ከሰል ውጭ ሳይቀጣጠልና ጭሱ ሳይወጣለት አይግባ፤ ፍም ሆኖም በተዘጋ ክፍል አይደር።

የተባይ መድኃኒት ስንረጭ እንስሳቱን አስቀድመን እናውጣ፤ መኖና ውሃቸውን እንክደን። ቤቱ ሳይናፈስ አይመለሱ።

እንስሳ ምራቁን ካዝረበረበ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያው ወደ ንጹህ አየር አውጥተን ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንውሰድ። ምን እንደረጨን ሳንደብቅ እንናገር።

ከቀሩት 19 ጫጩቶች ያደጉት ዛሬ እንቁላል ይጥላሉ፤ ብድሬንም ከእነሱ እየከፈልኩ ነው። የሞቱት 11 ግን በመዝገቡ ላይ በትክክለኛው ምክንያት እንዲጻፉልኝ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ።