ነብሩ በጾም ቀን



ተመራቂዎች፣ የመጣሁት ስለ ጥንት ግሪኮችና ሮማውያን አማልክት ልነግራችሁ ነው። ከእናንተ መካከል «አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጠን ዜውስ ምን ያደርግልናል?» የሚል ካለ አልቀየመውም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የመልሱ ግማሽ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት ስትይዙ፣ ዶርዜ ላይ ታገኙታላችሁ።

ፖል ቬይን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ የጥንታዊት ሮም ታሪክ ሊቅ። እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ግሪኮች አፈ ታሪኮቻቸውን ያምኑ ነበር ወይ? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ያስቸግራል። እነዚህ ሰዎች ጂኦሜትሪን በማስረጃ ያቆሙ፣ በአደባባይ ተከራክረው ሕግ ያወጡ ሰዎች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ኦሊምፐስ ተራራ ላይ የሚበሉ፣ የሚጠጡ፣ የሚቀናኑ፣ የሰው ሚስት የሚያማግጡ አማልክት አሉ የሚሉት። ሁለቱ ነገር በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት አብሮ ያድራል? ቬይን ይህን ለማስረዳት ምሳሌ ሲፈልግ አቴና አልሄደም። ዶርዜ መጣ።

በእግሩ አልመጣም፤ በመጽሐፍ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ዳን ስፔርበር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፣ የባህል ተመራማሪ፣ ዶርዜ ውስጥ ኖሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ዶርዜዎች የነገሩትን አሰፈረ፦ ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ አንድ የፈረንጅ ደብተር ላይ የሰፈረ ጉድ ሆኖ ይቀር ነበር። ስፔርበር ግን ዓይኑን ከተረቱ አንሥቶ ወደ በረቱ ተመለከተ። የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ይጠብቃል። እንደ ማክሰኞው፣ እንደ ሐሙሱ አድርጎ ይጠብቃል። «ይህ ነብር ጾሙን የሚያፈርስ ነብር ይሆን?» ብሎ ጠርጥሮ አይደለም። ነብር መጾሙ እውነት ነው፤ አባቶች ተናግረውታል። ነብር በማንኛውም ቀን አደገኛ መሆኑም እውነት ነው፤ ኑሮ አስተምሮታል። ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም፤ የሚያጣላቸውም የለም።

ቬይን ይህን አንብቦ ግሪኮችም እንደዚሁ ነበሩ አለ። በተረታቸው ያምኑም ነበር፣ አያምኑም ነበር፤ ይጠቀሙበት ነበር፤ ማመኑ ጥቅሙ በሚያበቃበት ቦታ ደግሞ ማመናቸውም ያበቃል። እንግዲህ ዶርዜ ሲባል ሸማና ጭፈራ ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ካለ ይህንንም ይጨምርበት፦ ፓሪስ ላይ የተቀመጡ ሊቃውንት የሆሜርን ሰዎች ለመረዳት ሲቸግራቸው ያስረዳቸው የዶርዜ ከብት ጠባቂ ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ ስለ ዶርዜው ነብር ሳነብ ዛሬ የምንኖርበት ዓለም ትዝ ይለኛል። ከመካከላችሁ የሕክምና ተመራቂዎች አላችሁ። የሙያችሁ ጥንታዊ መሐላ፣ በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው፣ ሲጻፍ የሚጀምረው አፖሎንን፣ አስክሌፒዮስን፣ የአስክሌፒዮስን ልጆች ሃይጂያንና ፓናኬያን ምስክር በመጥራት ነበር። ዛሬ ስማቸው ከመሐላው ወጥቷል። እባቡ ግን አልወጣም፤ በበትሩ ላይ እንደ ተጠመጠመ የዓለም ጤና ድርጅት ዓርማ ላይ አለ። አስክሌፒዮስን ግን ስለ ጤናው የሚለምነው የለም።

ስፖርቱም እንደዚሁ ነው። የኦሊምፒክ ጨዋታ መነሻው ለዜውስ የተደረገ በዓል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በበጋው ኦሊምፒክ የሚሰጠው ሜዳሊያ ላይ የድል አምላክ ኒኬ ተቀርጻለች። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ከአክሱም ተወስዶ እዚያ ቆሞ የነበረውን ሐውልት አጠገብ አልፎ ያመጣት እሷን ነው። ደራርቱ ቱሉ ከባርሴሎና ያመጣቻት እሷን ነው። የጫማ ኩባንያም ሆናለች። ወደ ጨረቃ የወጣችውም መንኩራኩር አፖሎ ተብላለች። የእነዚህ አማልክት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ሆኗል፤ በሬ የሚያርድላቸው የለም፤ ከሥራ ግን አልተሰናበቱም።

ይህ የሌላ ሰው ተረት ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አይደለም፤ በውስጡ አለን። በሆሜር ኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ጀግናው አኪሌስ ተበድሎ ሲያለቅስ እናቱ ለዜውስ ልታመለክት ትፈልጋለች፤ ዜውስ ግን የለም። አማልክቱን ሁሉ አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል፤ የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ኦዲሴይ ላይ ደግሞ ኦዲሴዎስን አላሳልፍ ብሎ የያዘው የባሕር አምላክ ፖሴይዶን ነው። የቀሩት አማልክት ተሰብስበው ሰውየው አገሩ ይግባ ብለው የወሰኑት መቼ ነው? ፖሴይዶን ኢትዮጵያውያን ጋ ተጋብዞ በሄደበት። የእኛ ግብዣ ቶሎ የማያልቅ መሆኑ ያኔም ሳይታወቅ አልቀረም። እርግጥ የግሪኮች ኢትዮጵያ ድንበሯ የዛሬው አይደለም፤ ከግብፅ በታች ያለውን ፀሐይ የቀረበውን አገር ሁሉ ነበር የሚሉት። የታሪክ ተመራቂዎች እንዳትቆጡኝ ብዬ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ እዚሁ ከተማ ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጨንቻ ተራሮች አቅጣጫ ተመልከቱ። አምስት ደማቅ ኮከቦች ተሰባብሮ የተቀጠለ መስመር ሠርተው ታያላችሁ። ካሲዮፔያ ናት፤ በተረቱ የኢትዮጵያ ንግሥት። ባሏ ንጉሥ ኬፌዎስ አጠገቧ አለ፤ ልጃቸው አንድሮሜዳም አለች። ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ ተኩራራች፤ ፖሴይዶን ተቆጥቶ አገሩን በጎርፍና በባሕር አውሬ መታው፤ ልጅቱም ለአውሬው ዓለት ላይ ታሰረች። ጫሞ ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ ልጆች ለዚህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አትፈልጉም። ጀግናው ፔርሴዎስ ደርሶ አዳናት፤ አገባት።

ገጣሚው ኦቪድ በአንዱ ሥራው አንድሮሜዳ እንደ አገሯ ሰው ጠይም እንደ ነበረች ይናገራል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ይህን አልሰሙም ወይም መስማት አልፈለጉም፤ ቲሲያንን ጨምሮ ብዙዎቹ ወተት አስመስለው ሥለዋታል። ሆሊዉድም ተከተላቸው። ቅር ይለኛል፤ ግን ጮክ ብዬ አልከስስም፣ ምክንያቱም እኛም አድርገነዋል። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ፣ በአገሩ ቋንቋ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል። በዚያው ጽሑፍ የግሪክኛ ክፍል ግን የማይበገረው የአሬስ ልጅ ነው። አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ኢዛና የግሪኩን አምላክ ስም ወሰደ፣ ውስጡ የራሱን አምላክ አስገባ፣ ድንጋይ ላይ ጽፎ አቆመው። እነሱ አንድሮሜዳን ነጭ አደረጓት፤ እኛ አሬስን አክሱማዊ አደረግነው። በእኔ ግምት የግሪክ ተረት እስከ ዛሬ የቆየው እንዲህ ስለ ተደፈረ ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው ማንም እንዳይነካው ብለው ሣጥን ውስጥ አልቆለፉበትም፤ እያንዳንዱ ገጣሚ ገልብጦታል፣ ጨምሮበታል፣ አንዳንዴም አበላሽቶታል።

ከግሪኮቹ ተረት ግን አንድ ነገር ብቻ የጋሞን ሰው አያሳምንም። የኦዲሴዎስ ሚስት ፔኔሎፔ ሌላ ባል አግቢ ብለው ሲያስቸግሯት አንድ የከፈን ጨርቅ ሠርቼ ልጨርስ ትላለች፤ ቀን ትሠራለች፣ ሌሊት ትፈታለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃባትም። እዚህ ሴቶች ፈትለው ወንዶች በሚሸምኑበት አገር ታሪኩን ብንነግር፣ ሸማኔው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ታማኝነቷ አይደለም። «አንድ ጨርቅ ሦስት ዓመት ሲፈጅ ዝም ብለው ያዩት ሞኞች እነማን ናቸው?» ነው የሚለው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዳር፣ ቡራዩ ላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል የጋሞ ልጆች ነበሩ። ወሬው እዚህ ሲደርስ የአርባ ምንጭ ወጣት ተቆጥቶ ወጣ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነበር። የሚሄድበት አቅጣጫ ግን በደሉን ወዳልፈጸሙ ጎረቤቶች ነበር። ያኔ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ወጡ፤ ከሚተመው ወጣት ፊትም ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። ተመለሰ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት አባቶች መካከል በዚያ ቀን ከተንበረከኩት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከናንተም ከተመራቂዎቹ መካከል ያን ቀን ልጅ ሆኖ መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ይኖራል።

ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን ጥሶ ማለፍ ጎሜ ነው። ጎሜ ምን እንደ ሆነ ለጋሞ ሰው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ ግን፣ የተከለከለውን መጣስና ከዚያ ተከትሎ በሰው፣ በከብትና በማሳ ላይ የሚመጣው ጣጣ ነው በሉት። ያን ቀን እነዚያን ወጣቶች አንድ በአንድ ለብቻቸው ጠርተን «በጎሜ ታምናለህ?» ብንላቸው ምን ይሉን ነበር? አንዳንዱ አዎ ይላል። አንዳንዱ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ይስቅብናል ብዬ እገምታለሁ። የሳቀውም ግን ቆሟል። የዶርዜ ነብር እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም አገኘልኝ። ሰው በግማሽ ልቡ የያዘው ነገር፣ ሌላው ግማሽ በቁጣ ሲነድ፣ እግሩን ሊይዘው ይችላል።

ግሪኮችም ይህን ያውቁ ነበር። የተቸገረ ሰው ሱፍ የተጠመጠመበት የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ ይንበረከካል፤ እንዲህ የለመነን ሰው የገፋ ዜውስን ይጋፋል። በኢሊያድ መጨረሻ ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ሄዶ አኪሌስ እግር ላይ ይወድቃል፤ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል። ያ የልጁን የሄክቶርን ሬሳ በሠረገላ ሲጎትት የሰነበተ አረመኔ ያለቅሳል፤ ሬሳውን ይመልሳል፤ ለቀብሩም የአሥራ አንድ ቀን ፋታ ይሰጣል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ጦርነቱ ይቀጥላል። ኤስኪለስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ባሳየው ቴአትር፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የደም ብቀላ የሚቆመው አቴና የተባለችው አምላክ ራሷ ችሎት አቁማ፣ ራሷ ድምፅ ሰጥታ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በጋሞ የሸንጎ አደባባይ፣ በዱቡሻ ላይ፣ ሲዳኙ የኖሩ አባቶች ነበሩ፤ ሣር ነበረ።

ማን ከማን ወሰደ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ማንም ከማንም አልወሰደም ብዬ ነው የማስበው፤ ሰው ቁጣን ለማቆም ያለው አቅም ጥቂት ስለ ሆነ ይመሳሰላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የፕሪያም ሌሊት ሦስት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲነበብ፣ ሲሣል፣ ቴአትር ሲሆን ኖሯል። የአርባ ምንጩ ቀን በዜና ወጣ፣ አደነቅን፣ አለፍን። ቴአትሩን ማን ይጽፈዋል? እኔ ብጽፈው አባቶቹን ብቻ አልጽፍም፤ ከፊት ረድፍ የነበረውን፣ ድንጋይ በእጁ የያዘውን ልጅ እጽፋለሁ። ድንጋዩን የት ጣለው? ማታ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ምን አላት?

ልጨርስ። ዛሬ የምትቀበሉት ዲግሪ የራሱ ተረት አለው። የተማረ ሥራ ያገኛል፤ ሥራ ያገኘ ቤተሰቡን ያወጣል። ወላጆቻችሁ ይህን አምነው ነው ለዓመታት የላኳችሁ፤ እውነት ነው፣ ማመናቸውም ትክክል ነው። ልብ በሉ ግን፣ ይህን እያመኑ እናታችሁ እንሰቱን አልነቀለችም፤ አባታችሁ የሽመና ጉድጓዱን አልደፈነም፤ ሱቁንም የሸጠ የለም። የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብ ከብቱን እንደሚጠብቅ ጠብቀውላችኋል። ሥራ ፍለጋ የምትወጡት እንግዲህ እንደነሱ አድርጉ፦ ወረቀቱን አምናችሁ አመልክቱ፤ መልስ እስኪመጣም እጃችሁ ከሥራ አይለይ። ደብዳቤው ዘገየ ብላችሁ ወላጆቻችሁን ተሳስተው ነበር አትበሏቸው፤ እነሱ ከመጀመሪያውም ሁለቱንም ያውቁ ነበር።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ወላጆች፣ እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ።