በዚህ በር ማን ይገባል? የጤና ትምህርትና የጉና ዙሪያ ሕዝብ



ስለ ጤና ትምህርት ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ምን እናስተምር የሚለውን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ የሚቀድመውን ነው፤ የምናስተምረው ማንን ነው? ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ ገጠር ቀበሌ የወጣች ልጅ ሐኪም ሆና ወደዚያው የምትመለስበት መንገድ አላት ወይ?

ጥያቄው ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት በደንቢያ ሺዎችን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው ልቡና አልጠፋም ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ አሰማራ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚህ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ራሳችን ዞን ልምጣ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ ብዙዎቹ ሕሙማን አስቀድሞ በወባ ስም ሲታከሙ ቆይተው ነበር። በሽታው ወደ ደጋው የዘለቀው ለቀን ሥራ ወደ ሑመራና መተማ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች በኩል እንደሆነ ይታመናል። ወንድሙን ለሰሊጥ አጨዳ የሸኘ ባለሙያ ትኩሳቱ አልበርድ፣ ሆዱ አልጎድል ያለውን በሽተኛ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ የሚነግረው አያሻውም። የሠራተኛው ስብጥር ስል ይህንን ዕውቀት ጭምር ማለቴ ነው፤ ነገሩ የቁጥር ኮታ ብቻ አይደለም።

አገራችን ይህንን የምታውቅ መሆኗን በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሳይታለች። ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ከዚያው ኅብረተሰብ የተመረጡ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደዚያው ተመለሱ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። እንግዲህ የሚያስገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ለዝቅተኛው እርከን ስንመለምል «የአገሬውን ቋንቋና ኑሮ ታውቃለች ወይ?» እንላለን፤ ለሕክምና ዶክተርነት ስንቀበል ግን የምናየው የፈተና ውጤትን ነው። ቀበሌውን የምታውቀው ሴት ወደ ላይ የምትወጣበት መሰላል አጭር ነው፤ ወደ ላይ የወጣው ደግሞ ቀበሌውን አያውቀውም።

ፈተናው ራሱ ደግሞ እኩል ሜዳ ላይ የሚሰጥ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቤተ ሙከራ የሌለው የደጋ ትምህርት ቤት ተማሪ የተወዳደረው ከማን ጋር ነበር? ምደባውም ከማዕከል ስለሆነ፣ ኮሌጅ በደብረ ታቦር መኖሩ ብቻውን የጋይንትን ልጅ ሐኪም አያደርጋትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ የገጠር ተወላጆች ወደ ጤና ትምህርት እንዲገቡ ልዩ የቅበላ መንገድ ይከፈት ብሏል። ጃፓን ቀድማለች፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው የጂቺ የሕክምና ትምህርት ቤት ከየክፍለ አገሩ ጥቂት ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ተመራቂው በመጣበት ክፍለ አገር ዘጠኝ ዓመት ገደማ ካገለገለ የትምህርት ዕዳው ይሰረዝለታል።

«ደረጃ ማውረድ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው የሚመዝነው መግቢያውን ነው፤ በሽተኛው የሚያገኘው ግን መውጫውን ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተናው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ አንድ ነጥብም አይቀነስ። የግዴታ አገልግሎትን ብቻ መፍትሔ ማድረጉ ግን አያሳምነኝም፤ ግዴታ ሐኪሙን ያመጣዋል፣ ጊዜው ሲያልቅ ያው ይሄዳል።

ስለዚህ ለሚመለከተው አካል የምናቀርበው ጥያቄ ግልጽ ይሁን። በየዓመቱ ጥቂት የሕክምናና የአዋላጅ ነርስ መቀመጫዎች በዞኑ ገጠር ወረዳዎች ላገለገሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ነርሶች ይያዙ፤ አስቀድሞም በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በእንግሊዝኛ የአንድ ዓመት ማጠናከሪያ ይሰጣቸው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን የት እንደሚያሳድሩ ከማመልከቻው ቀን በፊት መወሰን አለበት።