እጣቢው የት ይድረስ?

(በመንደራችን ነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ልብስ እጥበት የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ጎረቤቶች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ስለ ልብስ እጥበት ትንሽ ይናገሩልን» ባሉኝ ጊዜ መጀመሪያ ሳቅሁ። ልብስ ማጠብ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል እንዴ? ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ልብስ አጥቤ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝና፣ ያቃናሁትም ያበላሸሁትም ብዙ ነው። ያበላሸሁት ለሌላው ትምህርት ከሆነ ምን ከፋኝ ብዬ መጥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በረኪና በጅምላ ገዝቼ፣ የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጬ ከአልጋ ሥር አስቀመጥሁት። የእህቴ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በዚያ በመጋቢት ሙቀት ከውጭ ሮጦ ገባና ውሃ መስሎት ጎነጨ። ጩኸቱን ስሰማ ጠርሙሱ በእጁ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «አስመልሺው!» ይለኝ ጀመር። ጣቴን ወደ ጉሮሮው ልሰድ ስል አንዲት ነርስ ጎረቤታችን እጄን ያዘችኝ። «ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል» አለችኝ። አፉን በውሃ አጠብንለት፣ ጥቂት ውሃ አስጎነጨነው፣ ጠርሙሱን ይዘን ሐኪም ቤት ሮጥን። ልጁ ዳነ፤ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እጥበት ያለኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። እጥበት የሚያልቀው ልብሱ ገመድ ላይ ሲወጣ አይደለም፤ ጠርሙሱም እጣቢውም ማረፊያቸውን ሲያገኙ ነው። የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ከሚያስቸግሩን ነገሮች ልጀምር።

አንደኛው ሽታ ነው። «አጥቤው ይሸታል» የማይል ሰው በመንደራችን የለም። ደጋ ያደጉ ሰዎች ልብስ ዘፍዝፎ ማሳደር የለመዱት ነገር ነው፤ በብርድ አገር ችግር የለውም። ጋምቤላ ግን ቆላ ነው። በዚህ ሙቀት ሳፋ ውስጥ ያደረ ልብስ እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ሽታውን የሚያመጡት በእርጥብ ጨርቅ ላይ የሚራቡ ጀርሞች ናቸው። ስለዚህ እዚህ አገር ከአንድ ሰዓት በላይ መዘፍዘፍ አያስፈልግም። ሁለተኛው የሽታ ምክንያት በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው። ሳሙና ሲበዛ ልብስ የሚጠራ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ክሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና እድፍ ይስባል፣ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ የሕፃናትንም ቆዳ ያሳክካል። ሳሙናውን ቀንሱ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ የመጨረሻው ውሃ አረፋ ካላሳየ በቃ ማለት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ በጠዋት እጠቡ፣ በደንብ ጭመቁ፣ በገመዱ ላይ አራርቃችሁ አስጡ። ገና እርጥበት ያለውን ልብስ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ሻጋታን ቤት ድረስ መጥራት ነው።

ሁለተኛው የነጭ ልብስ መልክ ማጣት ነው። ክረምት ላይ የባሮ ውሃ ጭቃ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። እንዲህ ባለ ውሃ የታጠበ ነጠላ ወይም የተማሪ ሸሚዝ እንዴት ይንጣ? ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡ። በሱዳን በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች የሽፈራውን ዘር ወቅጠው ደፍራሽ ውሃ ያጠሩበታል፤ የእኛው ባሮም ሄዶ ሄዶ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝ ነውና ዘዴውን ብንዋሰው ነውር የለውም። እንዲህ የጠራ ውሃ ለእጥበት ይሆናል እንጂ ሳይፈላ አይጠጣም።

ነጩ ልብስ ቢጫ ወይም ቡናማ ሲሆንባችሁ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ውሃውን በነጭ ዕቃ ቀድታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ከሥሩ ቀይ ዝቃጭ ካያችሁ ውሃው ብረት አለበት። ብረት ባለው ውሃ ላይ በረኪና መጨመር ልብሱን ዝገት መቀባት ነው፤ በጨመራችሁ ቁጥር ይብሳል። የዝገት ነጥብ በሎሚና በጨው ታሽቶ ፀሐይ ላይ ሲውል ይለቃል። ታዲያ እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሎሚና በረኪና በአንድ ሳፋ አይገናኙም! ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ድንገት ከተቀላቀለባችሁ ሳፋውን አንስቼ ልድፋ አትበሉ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ውጭ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ።

ሦስተኛው የቀለም መልቀቅ ነው። አዲስ ባለ ቀለም ልብስ ከመታጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በስፌቱ ላይ ተጭናችሁ እዩ። ቀለም ከነካው ለብቻው ይታጠባል። ጨው ያዘዋል የሚሉ አሉ፤ የዛሬን የፋብሪካ ቀለም ግን ጨው አይዘውም። አንዱ በአንዱ ላይ ከለቀቀ ሳይደርቅ ወዲያውኑ ደግማችሁ እጠቡ፤ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ደም የነካው ልብስም እንዲሁ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይነካም፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ክሩ ላይ ያበስለዋል። ልጆቻችን በማንጎ ወራት ሸሚዛቸውን አጨማልቀው ሲመጡ ደግሞ ሳሙና ከመምታት በፊት በንጹሕ ውሃ ጭማቂውን አስወጡት።

ማስጫውን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል። በሐሩር አፍሪካ አገሮች በጥላ ሥር በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ወይም በአፈር ላይ ዕንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። ትሏ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንደ ብጉንጅ ታብጣለች። ልብስን ሣርና መሬት ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይቅርብን። ገመድ ላይ ይሰጣ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ካውያ ያለው ሰው የሕፃናቱን ልብስ እስከ ስፌቱ ይተኩስ።

አሁን ከልብስ ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው ልምጣ፤ እሱም አጎበር ነው። በአገራችን ወባ ምን ያህል እንደሚያጠቃን ለእናንተ አልነግርም። መድኃኒት የተነከረው አጎበር ሃያ ጊዜ ያህል መታጠብ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። በየሳምንቱ የሚያጥበው ሰው በአምስት ወር ውስጥ ጨረሰው ማለት ነው። በሦስት ወር አንዴ ይበቃዋል። በሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ የገላ ሳሙና፣ ሳይዘፈዘፍና ሳይፈተግ ይታጠብ። በረኪና ፈጽሞ አይንካው። ከልብስ በተለየ ሁኔታ አጎበር የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታጠፋዋለች። እጣቢውም ወደ ባሮ አይሂድ፤ ለትንኝ መርዝ የሆነው ለዓሣም መርዝ ነውና።

ይኸውላችሁ፣ ስለ እጣቢው የጀመርሁት እዚህ ላይ ደረሰ።

አንድ የጤና ባለሙያ ያጫወቱኝን ላጫውታችሁ። በ1854 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ከተማ በአንድ ሰፈር ኮሌራ ገባ። አንዲት እናት ተቅማጥ የያዛትን ሕፃን ልጇን የሽንት ጨርቅ እያጠበች፣ እጣቢውን ከቤቱ ሥር ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። ጉድጓዱ ይሰርጋል፤ ከአጠገቡ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ መጠጫ የሆነ የውሃ ጉድጓድ ነበረ። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ሕመሙ ከዚያ ውሃ መምጣቱን አስረድቶ የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። ያቺ እናት ምን አጠፋች? ልጇን ነው ያጸዳችው። ያላወቀችው እጣቢው የት እንደሚደርስ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. አተት በክልላችን ታይቶ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌራ በጋምቤላ ክልል ሰው ጨርሷል። እንግዲህ ተቅማጥ የያዘው የቤተሰብ ሰው ሲኖር ልብሱና አንሶላው ወደ ወንዝ፣ ወደ ቧንቧ ወይም ወደ ጉድጓድ ዳር አይሂድ። ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት አራግፉ። ከዚያም ልብሱን 5 ደቂቃ ቀቅሉት፤ ወይም 5 በመቶ የሆነ በረኪና በ10 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ንከሩት። ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ እጣቢው ሽንት ቤት ይደፋ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ባሮ ሞልቶ ቤት ሲገባም የጎርፍ ውሃ የነካው ልብስ ሁሉ እንደ በሽተኛ ልብስ ይቆጠር፤ ጎርፍ የየቤቱን ሽንት ቤት አዳርሶ ነው የሚመጣው።

«በወንዝ ካላጠብን ውሃ ከየት እናምጣ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ቧንቧ በጠፋ ቀን ስንት ጊዜ ባሮ ወርጃለሁ። የምለው ውሃውን በጀሪካን ቀድተን ከዳር ራቅ ብለን እንጠብ ነው። እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማጠብ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚመጣውን ብልሃርዝያ መጋበዝ ነው። አዞውም አለ። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል እዚሁ ባሮ ውስጥ በአዞ መበላቱን ሽማግሌዎች ይናገሩታል።

ስለ ብልሃርዝያ ካነሣሁ እንዶድን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳወቀ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። አያችሁ? ሌላው ሰው ልብሱን ሲያይ እሱ እጣቢው የት እንደሚሄድ አየ። እንዶድ ከደጋ የሚመጣላችሁ ካላችሁ ጥሩ አጣቢ ነው፤ ግን ዓሣም ይገድላልና በሳፋ እንጂ በባሮ አይታጠብበት።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከማኅበራችን ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ግቢ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ድንጋይና ጠጠር የተሞላ የእጣቢ ጉድጓድ ይኑረው። ድንጋዩ ውሃው እንዲሰርግ እንጂ ተኝቶ ትንኝ እንዳያራባ ነው። ቦታ የሌላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ሆነው አንድ ይቆፍሩ፤ ጉልበት የሌላቸውን አረጋውያን ወጣቶቻችን ያግዟቸው።

ሁለተኛ፣ በረኪና በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሻጩ በውሃ ጠርሙስ ቀድቶ ሲሰጣችሁ አትቀበሉ። ዓይን ከነካ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከተጠጣ ሳያስመልሱ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ሦስተኛ፣ እጥበት የሴቶችና የሴት ልጆች ሥራ ብቻ ተደርጎ አይታይ። ውሃ መቅዳቱና ጉድጓድ መቆፈሩ የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለሚቸግራቸው ጎረቤቶችም የምትችሉ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ አስረዱልኝ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከሁሉ በፊት ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ ነገር ካለ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ አንሡት።