ውጤት ለማን ይታይ?

በጥያቄ የሚዘጋጅ የፈተና ውጤት ማሳያ ድረ ገጽ ስለ ማቋቋም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በወላይታ ሶዶ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለጆሮ አዲስ ቢመስልም፣ ጉዳዩ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ይኸውም አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የፈተና ውጤት በላከ ጊዜ፣ ውጤቱን በሥዕላዊ መግለጫ አደራጅቶ ለዚያው ትምህርት ቤት በተለየ ድረ ገጽ የሚያቀርብለት አገልግሎት እንዴት ሊቋቋም ይችላል የሚል ነው። ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ አገልግሎቱ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥሎ በምን ዓይነት አሠራር እንደሚቆም፣ በመጨረሻም ካልተጠነቀቅንበት ምን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

፩. ቁጥሩ የሚናገረውና የሚሸሽገው

እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 845,188 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ ይኸውም 5.4 ከመቶ አለፉ። በ2017 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ሲነገር፣ የብዙ መምህራን ልብ ተሰብሯል።

እነዚህ ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ማስደንገጣቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንጋጤ ብቻውን ለመምህሩ የሥራ መመሪያ አይሆነውም። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። በአንደኛው አብዛኞቹ ተማሪዎች ከ45 እስከ 49 ከመቶ አምጥተው በጥቂት ነጥብ ቀርተዋል። በሁለተኛው ግን አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ከመቶ ባለው መካከል ወድቀዋል፤ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ሳያነብቡ ቢገምቱት እንኳ ሩብ ያህሉ እንደሚገኝ ስናስብ፣ ይህ ውጤት ትምህርቱ ጨርሶ አለመድረሱን ያመለክታል። ለፊተኛው የአንድ መንፈቅ ብርቱ ክለሳ ይበቃው ይሆናል፤ ለኋለኛው ግን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ መሠረቱን ማደስ ያስፈልጋል። በሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም «ዜሮ» ተብለው በአንድ መስመር ተጽፈዋል።

ይህን ሐቅ የሥነ አኀዝ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው አጭር ጽሑፍ በግልጽ አሳይቶታል። እያንዳንዳቸው 11 ጥንድ ቁጥሮች የያዙ አራት ሰንጠረዦች አዘጋጀ። የአራቱም አማካይ አንድ ነው፤ የተዛምዷቸውም መጠን እንዲሁ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ወደ ሥዕል በተለወጡ ጊዜ ግን አንዱ ቀጥ ያለ ዝንባሌ ያለው፣ ሌላው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ የቀሩት ሁለቱም ከሌሎቹ በራቀ በአንድ ነጥብ ምክንያት የተዛቡ ሆነው ተገኙ። አማካዩ የሸሸገውን ሥዕሉ ገለጠው ማለት ነው።

ለወላይታ ሰው ይህ ትምህርት ከባዕድ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ዋዱ በሚለው ምህጻረ ስሙ የምናስታውሰው የወላይታ የእርሻ ልማት ሥራ ሲጀመር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተሻሻለ የበቆሎ ዘር ለገበሬው በቁጥር ከመተንተን ይልቅ በሠርቶ ማሳያ ማሳ አጠገብ አቁሞ ማሳየት ይበልጥ ያሳምን ነበር። ገበሬው ሁለቱን አዝመራ ጎን ለጎን አይቶ፣ የትኛው ለእርሱ መሬት እንደሚስማማ በራሱ ይፈርዳል። ዛሬ የምናስበውም አገልግሎት ለመምህሩ እንዲህ ያለ ሠርቶ ማሳያ እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። የብሔራዊው ፈተና ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ይደርሳል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ውጤቱ በሚደርስበት ጊዜ ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ወጥቷል፤ መምህሩ ሊያርመው የሚችለው ልጅ በፊቱ የለም። ስለሆነም አገልግሎታችን ከሁሉ አስቀድሞ ማገልገል ያለበት የሞዴል ፈተናንና የመንፈቅ ዓመት ፈተናን ነው። እነዚህ ፈተናዎች የሚሰጡት ገና መታረም በሚቻልበት ጊዜ ሲሆን፣ የጥያቄው ወረቀትም የተማሪው መልስም በትምህርት ቤቱ እጅ ይገኛል።

፪. የአገልግሎቱ አሠራር

ከኮምፒዩተር ሙያ የመጣን ሰዎች ለዚህ ሥራ አዲስ ጥበብ መፈልሰፍ አይጠበቅብንም። የፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን በየቀኑ በብዙ መቶ አነስተኛ ፈተናዎች ይፈትሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ጄዩኒት የተባለውን መፈተኛ ከሠሩ ወዲህ፣ የፈተናው ውጤት የሚጻፍበት አንድ የታወቀ የፋይል ቅርጽ እየተለመደ መጥቷል፤ ያንን ፋይል ተቀብለው የትኛው ፈተና እንዳለፈ፣ የትኛው እንደወደቀና ከየት ጀምሮ መውደቅ እንደጀመረ የሚያሳይ ድረ ገጽ ወዲያው የሚያዘጋጁ እንደ አሉር ያሉ መሣሪያዎችም አሉ። እኛ የምንወስደው ይህንኑ የአሠራር ሥርዓት ነው። ደረጃዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ መቀበል። ትምህርት ቤቱ መልሶቹን በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ሞልቶ ይልካል። በእያንዳንዱ መስመር የተማሪው የምስጢር ቁጥር፣ ክፍሉና ለየጥያቄው የመረጠው ፊደል ይሰፍራል። ስም አይጻፍም። የስሙ ዝርዝር ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ መመርመር። ፕሮግራሙ ሰንጠረዡ በትክክል መሞላቱን ያያል። ስሕተት ቢያገኝ «ፋይሉ ልክ አይደለም» ብሎ መመለስ የለበትም። «በ37ኛው መስመር የ12ኛው ጥያቄ መልስ ሁለት ጊዜ ተጽፏል» ብሎ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ብዙ የኮምፒዩተር አገልግሎት ተጠቃሚ ያጣው በዚህ በር ላይ በሚያሳየው ትዕቢት ነው።

ሦስተኛ፣ ወረፋ። የሞዴል ፈተና በአንድ ሰሞን ስለሚሰጥ፣ መቶ ትምህርት ቤቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ፋይላቸውን ሊልኩ ይችላሉ። ስለዚህ ተቀባዩ ፕሮግራም የወረፋ ቁጥር ሰጥቶ ላኪውን ያሰናብታል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ እንደ አቅሙ አንድ በአንድ እያነሣ ይጨርሳል። በዚህ ዓይነት አንድ መጠነኛ ሰርቨር ለአንድ ዞን ሊበቃ ይችላል።

አራተኛ፣ ማዘጋጀት። የሚዘጋጀው ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ተራ ገጽ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩን እንደገና አያሠራም። ሥዕሎቹ በመስመርና በነጥብ የሚጻፉ ስለሆኑ ክብደት የላቸውም፤ በደካማ መስመርም በስልክ ይከፈታሉ።

አምስተኛ፣ ማስረከብ። ገጹ በግምት ሊደረስበት በማይችል አድራሻና በይለፍ ቃል ይጠበቃል። ከዚህም ጋር ሙሉው ገጽ በፍላሽ ተገልብጦ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ በጥቁርና ነጭ ማተሚያም በአንድ ገጽ ወረቀት የሚታተም መሆን አለበት። በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ በሃላሌ ያለ አንድ መምህር በሶዶ ከተማ ካለው ባልደረባው ያነሰ ማግኘት የለበትም። የአገልግሎቱ መመዘኛ በሶዶ አዳራሽ በትልቅ መጋረጃ ላይ ማማሩ ሳይሆን፣ መብራት በጠፋበት ዕለት በሃላሌ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ተዘርግቶ ማነጋገሩ ነው። ከዚህም የተነሣ ሥዕሉ በቀለም ልዩነት ላይ ብቻ መመሥረት አይገባውም፤ ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። ጽሑፉም በአማርኛና በወላይትኛ ሊቀርብ ይገባል።

ገጹ ምን ያሳይ ለሚለው ጥያቄ፣ ሦስት ሥዕል ይበቃል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ስንት ተማሪ በየትኛው የነጥብ ክልል እንዳለ ያሳያል፤ ሁለቱን «ዜሮዎች» የሚለየው እርሱ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎቹን ከትምህርቱ ምዕራፍ ጋር አዛምዶ የትኛው ምዕራፍ እንዳልተጨበጠ ያመለክታል። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተማሪዎቹ የመረጧቸውን ፊደሎች ያሳያል። የተሳሳቱት ተማሪዎች በሦስቱ የስሕተት ምርጫዎች ላይ እኩል ከተበተኑ፣ ግምት ነው፤ ትምህርቱ አልደረሳቸውም። ሁሉም በአንድ የስሕተት ፊደል ላይ ከተሰበሰቡ ግን አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ተምረዋል፤ ወይም ደግሞ የመልስ ቁልፉ ራሱ ተሳስቷል። ጎበዞቹ ተማሪዎች ስተውት ደካሞቹ የመለሱት ጥያቄ ካለም፣ ከተማሪው በፊት ጥያቄው ይመርመር። እንዲህ ያለው ሥዕል መምህሩ በማግሥቱ ጠዋት በሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጽፍ ይነግረዋል።

፫. መታየትና መጋለጥ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን በሽታን ለሐኪም ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ በገበያ መካከል ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ውጤት በቀላሉ ወደ ሥዕል በተለወጠ መጠን፣ ትምህርት ቤቶችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ አሰልፎ የማውጣት ፈተና ይመጣል። ብልጭልጩ ሰንጠረዥ ለሹማምንት ስብሰባ ይመቻል። ውጤቱ ግን ምን ይሆናል? ከመጨረሻ የተጻፈው ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት ደካማ ተማሪዎቹን ከፈተናው ቀን ያስቀራል፤ አለዚያም እውነተኛውን መልስ ሳይሆን ያማረውን መልስ ይልካል። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ የሚያሳየው ትምህርትን ሳይሆን ፍርሃትን ይሆናል።

በዚህም ምክንያት «በጥያቄ የሚዘጋጅ» የሚለው ቃል የአሠራር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንድትገነዘቡልኝ እወዳለሁ። ጠያቂው የውጤቱ ባለቤት የሆነው ትምህርት ቤት ነው፤ ገጹም የእርሱ ነው። ወረዳው ወይም ዞኑ ለማየት ቢፈልግ ትምህርት ቤቱን ያስፈቅዳል። ከ10 ያነሱ ተፈታኞች ያሉበት ክፍል ለብቻው በሥዕል አይቀርብም፤ ቁጥር ሲያንስ ልጁ ያለ ስሙ ይታወቃልና። 20 ተፈታኞች ባሉበት ትምህርት ቤት የአንድ ልጅ ውጤት 5 ከመቶ ስለሆነ፣ በመቶኛ ብቻ መናገር ያሳስታል፤ የሰው ቁጥርም አብሮ ይጻፍ። ገጹ ከ90 ቀን በኋላ፣ የተላከው ሰንጠረዥ ግን ሥዕሉ እንደተጠናቀቀ ይሰረዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ሆኗል።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ያህል ቁጥብነት የሕዝብን የማወቅ መብት ይነካል ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ክብደት አለው። ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ሁኔታ የማወቅ መብት አለው፤ የብሔራዊው ፈተና ጠቅላላ ውጤትም በይፋ መነገሩ ተገቢ ነው። የሞዴል ፈተና ግን የመፍረጃ ሳይሆን የመታረሚያ መሣሪያ ነው። ገና በመታረም ላይ ያለን ሥራ በአደባባይ መዝነን ብንፈርድበት፣ እርማቱን ራሱን እናቆመዋለን።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን መካከል ፕሮግራም የሚያውቁና የማስተማር ልምድ ያላቸው ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሰንጠረዡን ቅርጽ ይወስኑ፤ ቅርጹ ከተወሰነ የቀረው ሥራ የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሙከራው በሶዶ ብቻ ሳይሆን ከዋናው መንገድ በራቁ እንደ ሃላሌ ባሉ ከተሞችም በአንድ ጊዜ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ከሙከራው በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ «ስንት ሰው ገጹን ከፈተ?» የሚል አይሁን። «ስንት መምህር ገጹን አይቶ የማግሥቱን ትምህርት ለወጠ?» የሚል ይሁን።

ለውጥ ያላመጣ ሥዕል ጌጥ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ዛሬ የሚያስፈልጋቸው ጌጥ ሳይሆን በጊዜው የሚደርስ እርማት ነው።