ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው መስማትን ዳግመኛ ስለ መማሩ



መስማት የጆሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ጆሮ ድምፅን ይቀበላል፤ ቃልን ከድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ግን አእምሮ ነው። ካደጉ በኋላ መስማት ተስኗቸው ኮክሊያር ኢምፕላንት የተባለው መሣሪያ በቀዶ ጥገና የተተከለላቸው ሰዎች ለዚህ እውነት ምስክሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ጁርኖና ኤሪየስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በፓሪስ የመስሚያን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው፣ መስማት የተሳነው ሰው ድምፅ እንዲሰማ አደረጉ። በ1978 ደግሞ ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ በሜልቦርን ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ተከሉ። መሣሪያው ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ፣ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ይልካል። ጤነኛ ጆሮ ለዚህ ተግባር በሺሕ የሚቈጠሩ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ያሉት ኤሌክትሮዶች ግን ከ12 እስከ 22 ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው በተከፈተበት ቀን ብዙዎች የሚሰሙት የማሽን ድምፅ የመሰለ ነገር ነው። ቃሉ የሚለየው በልምምድ ነው፤ ይኸውም ድምፅ መኖሩን ከማወቅ ተነሥቶ፣ ድምፅን ከድምፅ ወደ መለየት፣ ከዚያም ቃሉን ወደ ማወቅ፣ በመጨረሻም ንግግሩን ወደ መረዳት የሚያደርስ ነው።

ነገር ግን ልምምዱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን? በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በመሥሪያ ቤቱ እንግሊዝኛ፣ በቤቱ አማርኛ ይናገራል እንበል። የሚፈተነውም የሚለማመደውም በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን፣ እናቱ በስልክ ስታነጋግረው በምን ይረዳታል? ‹‹ከዳ›› እና ‹‹ቀዳ›› የሚለያዩበትን ድምፅ፣ ‹‹አለ›› ሲላላና ሲጠብቅ የሚለውጠውን ትርጕም የእንግሊዝኛ መልመጃ አያስተምረውም። መሣሪያው ከድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይልቅ የድምፅን ርዝመት ደኅና አድርጎ ስለሚያስተላልፍ፣ መላላትንና መጥበቅን በልምምድ ለመለየት ተስፋ አለ። በአንጻሩም በአማርኛ ብቻ ቢለማመድ እንጀራው ይጐድልበታል፤ ጫጫታ ባለበት ስፍራ ሁለተኛ ቋንቋን መስማት ለጤነኛ ጆሮ እንኳ ይከብዳልና።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ተው ማለት አይገባም። አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ ጸጥ ባለ ስፍራ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር ይጀምር፤ የሚነበብለትን ጽሑፍ በዐይኑ እየተከተለ ያዳምጥ፤ ቀጥሎም የአንባቢውን ከንፈር ሳያይ ይሞክር፤ ከዚያ በሁለተኛው ቋንቋ፣ ኋላም ጫጫታ ባለበት ይድገመው። ይህም በየቀኑ ለወራት የሚጸና ትጋት ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ ሐኪም ብቻውን አይበቃም። በአንድ ፊደል ወይም በመጥበቅ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን ሰብስቦ፣ ከቀላል ወደ ከባድ አሰልፎ ማስተማር የመምህር ሙያ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን የቃላት ዝርዝርና አጫጭር ምንባብ በየቋንቋቸው ቢያዘጋጁ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የዳነው ሰው የእናቱንም ቃል መልሶ ይሰማል።