ጥፋቱ የአንድ፣ ቅጣቱ የሺህ፦ ስለ እግር ኳስ ደጋፊዎችና ስለሚወርድባቸው ቅጣት የቀረበ ዲስኩር



የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። በስታዲየም ለሚነሳ ሁከት ደጋፊዎች ከሚገባው በላይ እየተቀጡ ነው ወይ? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ድንጋይ የወረወረው፣ ዳኛ የደበደበው፣ ስለት ደብቆ የገባው ሰው ቅጣት በዛበት አልልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያንስበታል። በዛ የምለው ምንም ሳያጠፋ፣ ደጋፊ ስለሆነ ብቻ በሚቀጣው ሰው ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ እንግሊዝ እወስዳችኋለሁ፤ የደጋፊን ቅጣት እንደ እንግሊዝ አብዝታ በሕግ የጻፈች፣ ደጋፊን በጅምላ በመጠርጠርም ብዙ የከፈለች አገር አላውቅምና። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሜይ 29 ቀን 1985 ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ብራስልስ፣ ሄይዝል ስታዲየም ተገናኙ። ጨዋታው ሳይጀመር የሊቨርፑል ደጋፊዎች ደካማውን መለያ አጥር ጥሰው ወደ ጎረቤት መደብ ገቡ። ሸሽቶ ወደ ዳር የተገፋው ሕዝብ ከግንቡ ጋር ተጣበቀ፤ ግንቡም ተደረመሰ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። የቤልጂየም ፍርድ ቤት በ1989 14 የሊቨርፑል ደጋፊዎችን በሰው ሞት ጥፋተኛ ብሎ ሦስት ሦስት ዓመት ፈረደባቸው፤ የቅጣቱ ግማሽ በገደብ ታለፈ። 39 አስከሬን ፊት ቆሞ ይህ ቅጣት በዛ የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። እያንዳንዱ ተከሳሽ በስሙ ቀርቦ፣ ማስረጃ ተሰምቶበት የተፈረደበት ነው። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

ሌላው ቅጣት ግን እንዲህ አልነበረም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት፣ ዩኤፋ፣ የእንግሊዝን ክለቦች በሙሉ ከአውሮፓ ውድድሮች አገደ። እገዳው አምስት ዓመት ዘለቀ፤ በሊቨርፑል ላይ ስድስት። ኤቨርተን ከሄይዝል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሮተርዳም ላይ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ አንስቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮንም ሆኗል። ለሻምፒዮኖች ዋንጫ መሰለፍ ሲገባው በሩ ተዘጋበት። ኮቨንትሪ በ1987፣ ዊምብልደን በ1988 የኤፍኤ ዋንጫን ሲያነሱ ከሄይዝል ጋር የሚያገናኛቸው የአገር ስም ብቻ ነበር። ሁለቱም በዚያ ድላቸው አውሮፓን ሳያዩ ቀሩ። ለደረቅ የተነሳ እሳት እርጥቡን ያቃጥላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የዋንጫ ጉዳይ ነው፤ ሰው በዋንጫ ማጣት አይሞትም። በጅምላ መጠርጠር ነፍስ ሲበላ ያየነው ሂልስብሮ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

ደጋፊ ሜዳ እንዳይገባ ተብሎ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ የእንግሊዝ ስታዲየሞች የብረት አጥር ቆመ። ልጁን በእጁ ይዞ የመጣው አባትም ከበጥባጩ እኩል ከብረት ጀርባ ቆሞ ማየት ዕጣው ሆነ። አፕሪል 15 ቀን 1989 ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ፣ ሂልስብሮ ስታዲየም ተገናኙ። ፖሊስ በውጭ የተጨናነቀውን ሕዝብ ለማስገባት አንድ ትልቅ መውጫ በር አስከፈተ፤ የገባውን ሕዝብ ወዴት ሂድ የሚለው ግን አልነበረም። ሰዉ አስቀድመው ወደሞሉት ሁለት መካከለኛ ክፍሎች ፈሰሰ። ከኋላ ግፊት፣ ከፊት ብረት። ትንፋሽ አጥተው አጥሩን ለመውጣት የሚታገሉትን ሲያዩ፣ ከፖሊሶቹ አንዳንዶቹ ሜዳ ሊወርሩ የመጡ መሰላቸው። በዚያ ቀን ጉዳት የሞቱት 97 ደረሱ፤ የመጨረሻው ሰው ያረፈው በ2021 ነው።

ከዚያስ? በሩን ደጋፊዎቹ ሰብረው ገቡ የሚል ውሸት በዚያው ቀን ከፖሊስ አዛዡ አፍ ወጣ። በቀናት ውስጥ ሟቾቹንና የተረፉትን በስካርና በዘረፋ የሚወነጅል ጋዜጣ ታተመ። አደጋውን እንዲመረምሩ የተሾሙት የፍርድ ቤት ዳኛ ቴይለር በዚያው ዓመት ኦገስት ባወጡት ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መክሸፍ መሆኑን ጻፉ፤ ስሙ የጠፋው ሕዝብ ግን በዚህ አልነጻም። አደጋውን እንደገና የመረመረው ነጻ ኮሚሽን በ2012 ከ160 በላይ የፖሊስ ቃሎች ተስተካክለው እንደነበር አጋለጠ። በ2016 የምርመራ ችሎቱ ዳኝነት ሰጪዎች ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ለአደጋው ምንም አስተዋጽኦ እንዳልነበራቸው ወሰኑ። 27 ዓመት! እናቶች ልጃቸው የራሱ ገዳይ ተብሎ ሲነገርባቸው 27 ዓመት ኖሩ። በመጨረሻ የዕለቱ የፖሊስ አዛዥ በ2019 በነጻ ተሰናበቱ። ለቀኑ አደጋ በፍርድ ቤት የተቀጡት የስታዲየሙ ባለቤት ክለብ የቀድሞ ጸሐፊ ብቻ ናቸው፤ በደኅንነት ጉድለት 6,500 ፓውንድ።

አሁን በዚያው አገር ደጋፊ የሚመዘንበትን ሚዛን ተመልከቱ። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ብራስልስና ሻርለሯ ላይ ሁከት ተነስቶ ከ900 በላይ እንግሊዛውያን ተያዙ፤ አብዛኞቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ወደ አገራቸው ተላኩ። የብሪታንያ ፓርላማ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ፖሊስ፣ በወንጀል ያልተፈረደበትን ሰው ፍርድ ቤት አቅርቦ ከስታዲየም ሊያሳግደው ይችላል። ሰውዬው ቀድሞ በሁከት ተሳትፏል፣ እገዳውም ወደፊት የሚነሳውን ሁከት ለመከላከል ይረዳል ብሎ ፍርድ ቤቱ ካመነ ይበቃል። እገዳው ቢያንስ ሦስት ዓመት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ውጭ ሲጫወት ፓስፖርቱን ለፖሊስ እንዲያስረክብ ሊታዘዝ፣ ትእዛዙን ከጣሰም እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ መከላከያ እንጂ የወንጀል ቅጣት አይደለም አለ፤ ሆኖም የሚቀርበው ማስረጃ በወንጀል ችሎት ከሚጠየቀው እምብዛም እንዳያንስ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያውን አከብራለሁ። ቅጣት አይደለም የሚለውን ግን መቀበል ይቸግረኛል። ከልጅነቱ የሚከተለውን ክለብ ሦስት ዓመት እንዳያይ የተከለከለ፣ እንደ ሸሺ ወንጀለኛ ፓስፖርቱን የሚያስረክብ ሰው ተቀጥቷል።

ስኮትላንድ በ2012 ከዚህም አልፋ፣ በጨዋታ ላይ አስነዋሪ የተባለ ባሕርይ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስርበትን ሕግ አጸናች። ፓርላማዋ ራሱ በ2018 ሻረው። ጎበዝ ሕግ አውጪ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ የግብጿን ፖርት ሰኢድን እናገኛለን። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 አል ማስሪ አል አህሊን 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ የባለሜዳው ደጋፊዎች እንግዶቹን ወረሩ። ብዙዎቹ ያለቁት በተቆለፈ በር ላይ ተረጋግጠው ነው። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጃንዋሪ 2013 ፍርድ ቤት በ21 ሰዎች ላይ ሞት ሲፈርድ ከተማዋ ታመሰች፤ በዚያ ግርግር እንደገና ብዙ ሰው አለቀ። በ2017 የግብጽ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የአሥሩን የሞት ፍርድ አጸና። ከፖሊስ ኃላፊዎች አብዛኞቹ በነጻ ሲለቀቁ፣ የአገሪቱ ደጋፊ በሙሉ ደግሞ ለዓመታት ከስታዲየም ተባረረ። ነፍስ ያጠፋ ይጠየቅ። ያንን ሁሉ ሰው በአንድ መዝገብ ሰብስቦ ሞት መፍረድ ግን ፍትሕ ነው ብዬ አልመሰክርም።

እንግሊዝ ዛሬ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚገባበት ስታዲየም ያገኘችው በከባድ ቅጣት ነው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በጥባጮችን ከስታዲየም ማገዱ ድርሻ የለውም አልልም። ከቴይለር ሪፖርት በኋላ ግን አጥሩ ፈረሰ፣ ወንበር ተተከለ፣ ካሜራ ተሰቀለ፤ ሕዝቡ እንደ ሰው ተስተናገደ። ካሜራ ደግሞ የጅምላ ቅጣትን ሰበብ ያሳጣል፤ ጥፋተኛውን በመልኩ መለየት ከተቻለ ጎረቤቱን መቅጣት ለምን አስፈለገ?

የቱርክ ፌዴሬሽን በ2011 ያደረገውን እዩ። የፌነርባቼ ደጋፊዎች በሁከት ሲቀጡ ስታዲየሙን ባዶ አላደረገውም፤ ለሴቶችና ለልጆች በነጻ ከፈተው። ከማኒሳስፖር ጋር በተደረገው ጨዋታ ከ40 ሺህ በላይ ሴቶችና ልጆች ሞሉት። ወንዶቹን በጅምላ መቅጣቱ አልቀረም፤ ቢሆንም በዝግ በር ከመጫወት ሌላ ስንት መንገድ እንዳለ አሳይቷል።

እኛስ? የአዲስ አበባ ስታዲየሞቹን መደቦች፣ ካታንጋንና ሚስማር ተራን የሚያውቅ ሁሉ በዝግ ስታዲየም መጫወትን፣ ወደ ገለልተኛ ሜዳ መዛወርን፣ በክለብ ላይ የሚጣል የገንዘብ ቅጣትን ያውቃል። የገንዘቡን ነገር ጠለቅ ብላችሁ አስቡት። ከክለቦቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ወንበር የነቀለው ጎረምሳ ቤቱ ሲገባ፣ ቅጣቱን የምትከፍለው ስታዲየም ረግጣ የማታውቅ ግብር ከፋይ ናት። በሩ ሲዘጋም የሚጎዱት ቆሎና ውኃ ሸጠው የሚያድሩት፣ ትኬታቸውን አክብረው የሚገቡት ናቸው። በጥባጩ የሚቀጣው ከእነርሱ እኩል ነው፤ ይህም ማለት አልተቀጣም።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑ፣ ለሊግ አክሲዮን ማኅበሩና ለዲሲፕሊን ኮሚቴዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በር ከመዝጋታችሁ በፊት ጥፋተኛውን በስሙ ለዩት፤ ቃሉን ስሙት፤ ይግባኝም ይኑረው። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ይጠንክር፤ ካሳውንም ከራሱ ኪስ ይክፈል። በር የቆለፈው ኃላፊ፣ ከስታዲየሙ አቅም በላይ ትኬት የሸጠው አዘጋጅ፣ ዱላውን ያለ ልክ ያነሳው ጥበቃ በዚያው መዝገብ ይጠየቁ። እናንተም ደጋፊዎች፣ አጠገባችሁ ድንጋይ የሚያነሳውን አትሸሽጉት፤ እርሱን በሸሸጋችሁ ቁጥር ዕዳውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።