የመስቀል ያዥ ዕዳ



ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገበያ የሚሄድ ገበሬ ቄስ ሲያጋጥመው ዱላውን ከትከሻው አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀል ይሳለማል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ባልሞላቸው ቄስ ፊት ያጎነብሳሉ። በሠርግም፣ በተዝካርም፣ በወር ማኅበርም የቄሱ መቀመጫ ከመደቡ ራስ ላይ ነው፤ እሳቸው ሳይባርኩ ጠላው አይጠጣም፣ እንጀራው አይቆረስም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደም የተቃቡ ሲታረቁ፣ የንስሐ አባት ቃል ከቀበሌ ሊቀ መንበር ቃል ይልቅ ይደመጣል።

ይህን ክብር የደነገገ አዋጅ የለም፤ በደመወዝ መዝገብም አልሰፈረም። ሆኖም መብት ነው፣ መብትም ስለሆነ ግዴታ አለበት። ይህ ዲስኩር የሚያተኩረው በዚያ ግዴታ ላይ ነው፤ ይልቁንም ግዴታው ወደ ሰባኪው ወደ ራሱ ቤት፣ ወደ ራሱ ሠርግ፣ ወደ ራሱ ልጅ ሲመጣ ምን እንደሚደርስበት።

ጎጃም ይህን ጉዳይ ከመሬት ጋር አያይዞ ያውቀዋል። ንጉሥ ወይም መኳንንት ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ጉልት ይሰጧት ነበር፤ ለአገልጋዮቿ ደግሞ ሪም የሚባል መሬት ይመደብ ነበር። ሪም የአገልግሎት ዋጋ ነበር። ቄሱ ሰሞኑን፣ ማለትም የተራ ሳምንቱን፣ ይቀድሳል፣ ዲያቆኑ ይራዳል፣ ደብተራው ማኅሌት ቆሞ ያድራል፤ በዚህ ሥራ መሬቱን ይበላል። ሰሞኑን ያጓደለ፣ ከማኅሌት የቀረ አገልጋይ ድርሻውን ሊያጣ ይችል ነበር። ሕዝቡ ለሃይማኖት ሰው መብት ሲሰጥ በምላሹ የሚጠብቀውን በግልጽ አስሮ የሰጠበት ውል ነው ማለት ይቻላል።

ውሉ የተበላሸው ከላይ በኩል ነው። በጎንደር ዘመን በትልልቆቹ አድባራት ቅዳሴ የማይቀድስ፣ ዜማ ያልተማረ ባለሥልጣን የአገልጋይ ድርሻ መሬት መያዝ ጀመረ፤ ወይዛዝርትም እንዲሁ ያዙ። በእነሱ ፈንታ የሚያገለግል ድሃ ካህን ወይም ደብተራ ይቀጥራሉ፤ መሬቱን የሚያርስላቸው ደግሞ ዜጋ የሚባለው፣ ርስት የሌለው ጭሰኛ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ላይ ያሳተመው ጥናት ይህን የሪም ባለቤትና የዜጋ ግንኙነት ከየአድባራቱ ሰነዶች አውጥቶ አሳይቷል። ከመሬቱ መነጠቅ በላይ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አምልኮን በቅጥር ሰው ማስፈጸም ይቻላል የሚለው ሐሳብ በአገሩ መለመዱ። ክብሩን እኔ እበላለሁ፣ ድካሙን ሌላው ይቻለው ማለት ከዚያ ወዲህ ነውር መሆኑ ቀረ።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ ይህን በአንድ ምት ሊያርሙት ሞከሩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ይክፈል ብለው ተነሡ። ካህናቱ እምቢ አሉ፣ ንጉሡ መሬቱን ወረሱ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ሰላማም መቅደላ ላይ እንደታሰሩ ሞቱ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጉልበቱ ግን ጥያቄውን ዋጠው፣ ስለ ካህናት ኑሮ መነጋገር ያለበት አገርም ስለ ንጉሡ ጭካኔ ብቻ ሲነጋገር ቀረ።

ከዚያ በኋላ መብቱ በሕግ ተጻፈ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ሃይማኖት አድርጎ ደነገገ። በዚያው ዘመን ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ ነው የሚለው አባባል ከቤተ መንግሥት እስከ ትምህርት ቤት ይነገር ነበር። የጎጃም ሙስሊም ግን ርስት አልነበረውም፤ በሽመናና በንግድ ያድር ነበር፣ የሚያርስም ቢሆን በሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር። የአባባሉና የኑሮው ርቀት አደባባይ የወጣው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። እነዚያ ክርስቲያኖች የራሳቸውን መብት ለማካፈል የወጡ ናቸውና በዚህ ጉዳይ ስማቸው ሊነሣ ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጉልቱም ሪሙም አብሮ ጠፋ። ዛሬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ቄስ እንደ ጎረቤቱ በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ በቆሎና በርበሬ ይዘራል፣ ማዳበሪያ ሲወደድ እኩል ይጨነቃል። መሬቱ ሄደ፤ የቀረው ክብሩ ነው። ክብሩ ደግሞ ከመሬቱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሊወርሰው የሚችል መንግሥት የለም።

ይህን ክብር ከነዕዳው የተሸከሙ ሰዎች በታሪካችን አሉ። አፄ ዓምደ ጽዮን በነገሠበት ዘመን እነ አባ አኖሬዎስና እነ አባ በጸሎተ ሚካኤል ንጉሡን ስለ ትዳሩ በግልጽ ገሠጹት፤ ገድላቸው እንደሚተርከው ግርፋትና ስደት ደረሰባቸው። ከንጉሥ እጅ የሚበላ መነኩሴ ንጉሥን ሊገሥጽ እንደማይችል ያውቁ ነበር፤ አኗኗራቸውም በዚህ የተቃኘ ነበር።

ለጎጃም ቀረብ ያለው ምሳሌ ግን የ1921 ዓ.ም. ሹመት ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ሄደው ጳጳሳት ሆኑ፤ ከመካከላቸው አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ነበሩ። ክብራቸው እኩል፣ መስቀላቸው እኩል። ሰባት ዓመት ሳይቆይ ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው እንዲገዙ፣ አርበኞችንም እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ የዚያው ዕጣ ደረሳቸው። አቡነ አብርሃም በዕድሜ ገፍተው ነበር፤ ለወራሪው አደሩ፣ በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾማቸው። በአንድ ሽማግሌ ላይ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፣ ይህ ዲስኩርም ሊፈርድባቸው አልተነሣም። ሊታለፍ የማይገባው ግን ሀገረ ስብከታቸው ያደረገው ነው፤ ጳጳሱ ቢያድሩም ጎጃም አላደረም። ከዳሞት እስከ ሞጣ የተነሣው አርበኛ የጴጥሮስን ቃል እንጂ የጳጳሱን ሹመት አልተከተለም። ምእመን ማንን መስማት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ሌላው ምሳሌ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ደርግ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ከፓትርያርክነት የተነሡት የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ አቡነ ቴዎፍሎስ ገና እስር ቤት እንዳሉ ነው ፓትርያርክ የሆኑት፤ ሹመቱ አከራካሪ ነበር። እሳቸው ግን በባዶ እግራቸው ሄዱ፣ መሬት ላይ ተኙ፣ በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በጾምና በጥሬ ኖሩ። ስለ ሹመቱ የተከራከረው ሰው እንኳ ስለ ኑሯቸው አልተከራከረም።

ሰማዕትነት ግን በየትውልዱ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ፈተና ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር በየዓመቱ በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ በሚያዝያ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፤ እሱም ሠርግ ነው።

የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ሆነ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ክልል ሴቶች ከሌላው ክልል ሁሉ ቀድመው እንደሚዳሩ አሳየ፤ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ግማሹ 16 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። በልጅነት አካል የሚመጣ ምጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ማወቅ የሚፈልግ የባሕር ዳሩን የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ይጠይቅ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎጃም ገጠር የሚመጡ ሴቶችን ሲያክም ኖሯል።

ቤተ ክርስቲያን ያለዕድሜ ጋብቻን ታወግዛለች። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗ ካህናትን ሰብስቦ በዚህ ላይ ያስተምራል፤ ካህናቱም ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ያስተምራሉ። ችግሩ ከዐውደ ምሕረቱ ሲወረድ ነው። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ በሰማንያ ይጋባል፤ ሰማንያ ይፈርሳል፣ ሌላ ትዳር ይከተላል። ዲያቆን ግን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ፣ በተክሊል ቆርቦ ነው። ሚስቱ ብትሞት ወይም ቢለያዩ ሌላ ካገባ ክህነቱን ያጣል። እንግዲህ የዲያቆኑ ወላጆች ይጠነቀቃሉ። በጎጃም ገጠር የጥንቃቄው መንገድ ለረጅም ዘመን አንድ ነበር፤ ልጅቷ ነፍስ ሳታውቅ፣ ማንም ሳይደርስባት ማጨትና መዳር። በመንደሩ ከሁሉ ታናሽዋ ሙሽራ ብዙ ጊዜ የነገው ቄስ ሚስት የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። የአንድ ወጣት ክህነት በአንዲት ልጅ አካል ላይ ተንጠለጠለ፤ እሷ ግን በዚህ ውል ውስጥ ድምፅ አልነበራትም። ቀኖናው ድንግል ትሁን ይላል እንጂ ሕፃን ትሁን አይልም። የ18 ዓመት ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ደብተሯን ይዛ ከፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ድንግል ልትሆን አትችልም ያለው ማን ነው? ይህን የሚለው ሥጋት ነው፣ ሥጋቱም የወንዱ ቤተሰብ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ልጅቷ ናት።

ገበሬውም ይህን ያያል። እሑድ ልጅህን አትዳር ያሉት ካህን ሐሙስ ለወንድማቸው ልጅ የ13 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሲልኩ ካየ ሁለተኛውን ስብከት ይሰማል፤ መስቀሉን ግን መሳለሙን አይተውም። መስቀሉ እየተሳመ ቃሉ የማይሰማበት አገር ለካህን ከሁሉ የከፋ አገር ነው።

ለውጥ እንደሚቻል በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ታይቷል። በ1996 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ለልጃገረዶች ደብተርና እርሳስ ሰጠ፣ በቡድን ሰብስቦ አስተማራቸው፣ ስለ ጋብቻ ነዋሪውን ሁሉ አነጋገረ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለጠበቁ ቤተሰቦችም መጨረሻ ላይ ፍየል ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመዘን፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ነበር። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ይበልጥ ተድረው ተገኙ። ቤተሰቡ ሠርጉን በጥቂት ዓመት ገፋው እንጂ አልተወውም ማለት ነው። ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም። አንዲት ፍየል ይህን ካደረገች መስቀል የያዘ ሰው ቃሉን በኑሮው ቢያጸናው ምን ያህል እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

በተዝካርም እንዲሁ ነው። ካህኑ ለሟች ነፍስ የሚበጀው ጸሎትና ምጽዋት ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ተዝካር ለማውጣት በሬ ሸጦ የተበደረ ቤት ግን ብዙ ነው፣ በግብዣውም ቀድመው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ የንስሐ አባት ለአንድ ድሃ ቤተሰብ ጠላና ንፍሮ ይበቃል ብለው ራሳቸው ንፍሮውን ቢበሉ የመንደሩ ሁሉ ተዝካር በዚያው ዓመት ይቀልላል። በቡሬ መስጊድ የሚያስተምሩ ሼሆችንም በኒካሕ፣ ማለትም በጋብቻ ውል፣ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ክብሩ ባለበት ሁሉ ዕዳው አለና።

ስለ ዲያቆናት ጋብቻ ሊደረግ የሚችለው ነገር ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ለቅስና የሚቀርብ ዲያቆን ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ምግባሩ፣ ስለ ጋብቻው ምስክር ያቀርባል፤ ቆርቦ ማግባቱ ይጠየቃል። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ሙሽራዪቱ በሠርጓ ቀን ስንት ዓመቷ ነበር? የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና ዛሬ ለትዳር የደረሱት ልጆች የልደት ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። የክርስትና ቀናቸውን የክርስትና እናታቸው ታውቃለች፣ ትምህርት ቤት የገቡበት ዓመት በርዕሰ መምህሩ መዝገብ አለ። ምስክር የሚሆኑት የደብሩ አለቃና የሰበካ ጉባኤው አባላት ሁለቱንም ጠይቀው መጻፍ ይችላሉ፤ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ፊርማቸውን አያኑሩ።